ዕጢ የራሱን የደም ሥር ያበቅላል ሲባል ምን ማለት ነው? (እናቴ የማሕፀን በር ካንሰር አለባት)

የሽምብጥ ልጅ · ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት አመሻችሁ። እናቴ የማሕፀን በር ካንሰር አለባት። ጨረር ወስዳ ደህና ሆና ከርማ ነበር። አሁን ተመልሶ መጣ። ሐኪሟ ከኬሞው ጋር አብሮ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት እንዳለ ነገረን። "ዕጢው የሚያበቅለውን የደም ሥር የሚከለክል ነው፣ ስሙ ቤቫሲዙማብ ይባላል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው፣ ተመካከሩበት" ብሎ ሸኘን። ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር አፋችንን ሞልተን አልጠየቅነውም።

ቤት ስንገባ ዘመድ ተሰበሰበ። አጎቴ "ደም የሚያበዛ ነገር አትስጧት፣ ካንሰሩን ነው የምትቀልቡት" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይ ሥሩም ጉበቱም ቀረባት። አክስቴ ደግሞ "ድሮውንም ለናሙና ባይቆርጧት ኖሮ አይሰራጭም ነበር" ትላለች።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ዕጢ የደም ሥር ያበቅላል ማለት ምን ማለት ነው? ደግሞስ ከብት ሸጠን፣ ተበድረን ብንገዛው ምን ያህል ይጠቅማታል? ማባበያ አልፈልግም። እውነቱን ንገሩኝ።

ዓባይ ማዶ · ማክሰኞ ማታ 2፡31

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እኔ ሙያው የለኝም። ግን ከብቱን ከመሸጣችሁ በፊት እዚህ ያሉ የሕክምና ሰዎች እስኪመልሱልሽ ጠብቂ። ጥያቄሽ ከሌሎቹ በታች እንዳይወርድ ወደ ላይ እየሳብኩልሽ ነው።

ነጭ ጋዎን · ማክሰኞ ማታ 4፡02

እህቴ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላቸው። ካንሰር ሕክምና ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። እናትሽን ስላላየኋቸው የእሳቸውን ሕክምና ልወስን አልችልም። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ግን ላስረዳሽ።

ማንኛውም ሴል ለመኖር ኦክስጅንና ምግብ ይፈልጋል። ሁለቱም ከቀጭን የደም ሥር እየሰረጉ ነው ሴሉ ጋ የሚደርሱት። ኦክስጅን ደግሞ ሰርጎ ሩቅ አይሄድም። ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሄድ ነው። ከዚያ ርቆ የተቀመጠ ሴል ይታፈናል። ዕጢ ሲጀምር በጣም ትንሽ ስለሆነ ካገኘው ጎረቤት የደም ሥር እየተጋራ ይኖራል። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ግን መሃሉ መታፈን ይጀምራል። እዚያ ላይ ወይ ባለበት ይቀራል፣ ወይ የደም ሥር ወደ ራሱ ይጠራል።

አጠራሩ እንዲህ ነው። በሴሎቻችን ውስጥ ኤችአይኤፍ የሚባል ፕሮቲን አለ። ኦክስጅን ሲኖር ወዲያው ወዲያው እየፈረሰ ያልቃል። ኦክስጅን ሲያጥር አይፈርስም። ይከማችና ብዙ ጂኖችን ያስነሳል። ከእነሱ አንዱ ቪኢጂኤፍ የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው ነው። ቪኢጂኤፍ ከዕጢው ወጥቶ አጠገቡ ያለ ጤነኛ የደም ሥር ላይ ያርፋል። ያረፈባቸው የግድግዳው ሴሎች ይነቃሉ፣ ይባዛሉ፣ ወደ ዕጢው አቅጣጫ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ቅርንጫፎቹ ተገናኝተው ደም ማለፍ ሲጀምር ዕጢው ቀለብ አገኘ ማለት ነው። ማደግ ብቻ አይደለም፤ ሴሎቹ በዚያው የደም ሥር ገብተው ወደ ሳንባና ወደ ጉበት የሚሄዱበት መንገድም ተከፈተላቸው። ሴል የኦክስጅን ማነስን እንዴት እንደሚያውቅ የደረሱበት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ይህን አሠራር ካንሰር አልፈጠረውም፣ የሰውነታችን ነው። ቁስል ሲሽር፣ እንግዴ ልጅ ሲያድግ፣ የማሕፀን ሽፋን በየወሩ ሲታደስ እንጠቀምበታለን። ቁስሉ ሽሮ ሲያልቅ የደም ሥሩ መብቀል ይቆማል። ዕጢ ዘንድ ግን አይቆምም።

ስለ ዋጋውና ስለ ጥቅሙ ነገ እመለስበታለሁ። ጥድፊያ ላይ የምጽፈው ነገር አይደለም።

መራዊ ቆጋ · ረቡዕ ጠዋት 1፡20

ዶክተር፣ የገባኝን ልናገርና ካጠፋሁ አርመኝ። እኛ ቆጋ መስኖ ላይ ነው የምናርሰው። አንዳንዱ ሰው ተራው ሳይደርስ በሌሊት ከዋናው ቦይ ጠልፎ ወደ ማሳው ውሃ ይለቃል። ዕጢውም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው አይደል? ከሆነ ግን ጠለፋው ሲዘጋ ማሳው ይደርቃል። ታዲያ መድኃኒቱ ካንሰሩን ጨርሶ የማያደርቀው ለምንድን ነው?

ነጭ ጋዎን · ረቡዕ ቀን 7፡10

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትልቅ ነው። ተመራማሪዎቹም ዓመታት የታገሉበት ነው።

አዎ፣ ጠለፋ ነው። ግን አንዱን ብትዘጋበት በሌላ በኩል ይጠልፋል። ቤቫሲዙማብ የሚይዘው ቪኢጂኤፍን ብቻ ነው። ዕጢው ደግሞ ሌሎች የደም ሥር ጠሪ ፕሮቲኖችም አሉት። አንዱ ሲያዝበት ሌላውን ያበዛል። ጭራሽ አዲስ የማያወጣ ዕጢም አለ፤ በተለይ ጉበት፣ ሳንባና አንጎል ውስጥ የነበረውን ጤነኛ የደም ሥር ተጠግቶ ያድጋል። ለዚህኛው መድኃኒቱ ብዙም አይሠራም። በዚያ ላይ በትንሽ ኦክስጅን መኖርን የለመዱ ሴሎች ቀሪው ሲሞት እነሱ ይተርፋሉ።

ሌላም ነገር አለ። የዕጢ የደም ሥር በወጉ የተሠራ አይደለም። ጠማማ ነው፣ አንዳንዱ የትም አያደርስም፣ ግድግዳው ያፈሳል። ሃሮልድ ድቮራክ የሚባል አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት (በሽታን ከናሙና የሚመረምር ሐኪም) ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 ከዕጢ የሚወጣና የደም ሥርን እንዲያፈስ የሚያደርግ ፕሮቲን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1989 ናፖሊዮኔ ፌራራና ባልደረቦቹ የደም ሥር የሚያሳድገውን ፕሮቲን ለይተው ቪኢጂኤፍ አሉት። ሁለቱ አንድ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የሚያበቅለውም የሚያስፈሰውም ያው ነው።

የፈሰሰው ፈሳሽ ዕጢው ውስጥ ይታቆራል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ያኔ በደም የሚመጣው ኬሞ ወደ ውስጥ ሊገባ ይቸገራል። ደም በወጉ ስለማይዘዋወር ኦክስጅን የማያገኝ ክፍልም አይጠፋም፤ ጨረር ደግሞ ኦክስጅን በሌለበት ሴል ላይ ይደክማል። ራኬሽ ጄን የተባለው ተመራማሪ ከዚህ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2001 አዲስ ሐሳብ አቀረበ። የደም ሥር መከላከያው ሁሉን ከመዝጋት ይልቅ የተበላሹትን አጥፍቶ የቀሩትን ለጊዜው ያስተካክላል፣ በዚያች ጊዜ ኬሞው በደንብ ይገባል የሚል ነው። መድኃኒቱ በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ብቻውን ከሚሰጥ ይልቅ ከኬሞ ጋር ሲሆን የተሻለ የሚሠራበትን ምክንያት ከሚያስረዱት ሐሳቦች አንዱ ይህ ነው።

መምህር ዘጌ · ረቡዕ ማታ 1፡45

ዶክተር ካስረዳው በኋላ ታሪኩን ልጨምር። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪ ጭራሽ ጸጥ ብሎ የሚሰማኝ ይህን ስነግራቸው ነው።

ጁዳ ፎክማን የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ውስጥ ከፍሬድሪክ ቤከር ጋር ደምን የሚተካ ፈሳሽ ይፈትሹ ነበር። ከጥንቸል ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት አካል አወጡና በመስታወት ዕቃ ውስጥ ፈሳሹን እያስተላለፉበት በሕይወት አቆዩት። ከዚያ የካንሰር ሴል ጨመሩበት። ካንሰሩ አደገ አደገና 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ላይ ቆመ። የሞተ መስሏችሁ ይሆናል። አልሞተም። ያንኑ አውጥተው ሕያው አይጥ ላይ ሲተክሉት ገዘፈ። በመስታወቱ ዕቃ ውስጥ አዲስ የደም ሥር አልበቀለለትም፣ አይጡ ላይ ግን በቀለለት። ልዩነቱ ያ ብቻ ነበር።

ኋላ ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ሆኖ በጥንቸል ዓይን ላይ የተሠራው ሙከራ ይበልጥ ይገርማል። የዓይን መስታወት፣ ያ ብርሃን የሚያስገባው ጥርት ያለ ክፍል፣ የደም ሥር የለውም። እዚያ ላይ ቅንጣት ዕጢ አስቀመጡ። ከዳር ካለው የደም ሥር ቀጫጭን ቅርንጫፎች ወጥተው በጥርቱ ክፍል ላይ እየተሳቡ ወደ ዕጢው ሄዱ። ደረሱበት። ዕጢው ወዲያው አበጠ። ሌላ ቅንጣት ደግሞ በዓይኑ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ ተንሳፎ እንዲቀር አደረጉ። እሱ ከ1 ሚሊ ሜትር ሳያልፍ ቀረ።

ፎክማን ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳተመ። ብዙ ሰው አልተቀበለውም። በዕጢ ዙሪያ የሚታየው የደም ሥር ሥጋው የመቆጣቱ ምልክት እንጂ የቀለብ መንገድ አይደለም ይሉት ነበር። የመጀመሪያው ቪኢጂኤፍን የሚይዝ የካንሰር መድኃኒት፣ ያው ለእናትሽ የተነገረው ቤቫሲዙማብ፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በየካቲት 2004 እ.ኤ.አ. ለአንጀት ካንሰር ነው። መሃሉን ቁጠሩት፣ 33 ዓመት ነው። ይህ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ሳይታክት መሥራቱ ልቤን ይነካዋል። ፎክማን በጥር 2008 እ.ኤ.አ. አረፈ።

የሽምብጥ ልጅ · ረቡዕ ማታ 3፡00

እግዜር ይስጣችሁ። አሁን ለወንድሞቼ ማስረዳት እችላለሁ። መምህር፣ የዓይኑን ነገር ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ዶክተር፣ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነው።

ነጭ ጋዎን · ረቡዕ ማታ 4፡40

እሺ። ማባበያ አልፈልግም ስላልሽ በቁጥር ልንገርሽ።

ለተመለሰ ወይም ለተሰራጨ የማሕፀን በር ካንሰር ይህ መድኃኒት በ452 ሴቶች ላይ ተፈትኗል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ኬሞ ብቻ የወሰዱት መካከለኛ የዕድሜ ቆይታ 13.3 ወር ነበር። ቤቫሲዙማብ የተጨመረላቸው 17 ወር። ልዩነቱ ወደ 4 ወር ይጠጋል። መካከለኛ ማለት ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ኖረዋል ማለት ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ለዚህ በሽታ ፈቀደችው።

አይፈውስም። ጊዜ ይጨምራል። አራት ወር ትንሽ ነው የምትል ቤተሰብ አለች፤ ልጅ ለመዳር፣ ልጅ ከውጭ እስኪመጣ ትልቅ ነው የምትልም አለች። ይህን እኔ አልመዝንላችሁም።

የጎንዮሽ ጉዳቱን ግን አብራችሁ መዝኑ። በዚያ ጥናት ከ4 ሴቶች አንዷ ላይ የደም ግፊት ጨምሯል። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሊወጣ ይችላል። ደም ሊረጋ፣ ሊደማም ይችላል። በተለይ ጨረር የወሰደች ሴት ላይ ፊስቱላ፣ ማለትም በብልትና በአንጀት ወይም በፊኛ መካከል የሚከፈት ቀዳዳ፣ ይፈራል። እኛ ባሕር ዳር ያለን ሰዎች የሐምሊን ማዕከል እዚሁ ስላለ ፊስቱላ ሲባል የወሊዱ ነው የሚታወሰን። ይኸኛው በጨረር የተጎዳ ሥጋ አዲስ የደም ሥር እንዳያገኝ ስለሚከለከል ሳይሽር ሲቀር የሚመጣ ነው። እናትሽ ጨረር ወስደዋልና ይህን ሐኪማቸውን ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁት።

የግል አስተያየቴን ከፈለግሽ፣ ኬሞውን በሙሉ መጠኑ በሰዓቱ መውሰድ ይቀድማል። ለቤቫሲዙማብ ተብሎ የኬሞው ቀጠሮ ቢዘለል፣ የቤቱ ቀለብ ቢጓደል፣ ሕመም ማስታገሻ ቢቀር ሒሳቡ አይወጣም። ተስፋ የተጣለበት ቦታ ሁሉ እንዳልሠራም እወቂ። ለጡት ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር። ዕድሜ እንደሚያራዝም ስላልታየ በ2011 ፈቃዱ ተነሳ።

ፋርማሲ ቀበሌ · ሐሙስ ጠዋት 3፡05

እህት፣ በመድኃኒት ንግድ በኩል ልናገር። ዋጋ ስትጠይቁ የአንዱን ጠርሙስ ዋጋ አትጠይቁ። መጠኑ በክብደት ነው የሚሰላው። ለማሕፀን በር ካንሰር በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ3 ሳምንቱ። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 750 ሚሊ ግራም ይሆናል። ጠርሙሱ በ100 እና በ400 ሚሊ ግራም ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ገደማ ነው። እንደገና በ3 ሳምንቱ ያው። አንዴ ተሸጦ የሚያልቅ ከብት የሚችለው ወጪ አይደለም፤ ስንት ዙር እንደምትችሉ አስቀድማችሁ አስሉ። የመጀመሪያው አምራች አቫስቲን ብሎ ይሸጠዋል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሌሎች አምራቾች የሠሯቸው አቻዎች ተፈቅደዋል፣ ርካሽ ናቸው። ሐኪሙን አቻው ይሆናል ወይ በሉት።

ይህን ግን አደራ እላችኋለሁ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቆየት አለበት። መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም። ፀሐይ ላይ የዋለ ሻንጣ ውስጥ የመጣ አይሆንም። ሰው በእጁ ይዞ "ከውጭ አመጣሁልሽ፣ በግማሽ ዋጋ" ቢልሽ አትግዢ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ እንኳ ሐሰተኛ አቫስቲን ተገኝቷል፤ ውስጡ መድኃኒቱ ጭራሽ አልነበረም። እዚያ ከሆነ እዚህማ አስቡት። ደረሰኝ ያለው፣ ፍሪጅ ያለው፣ ስሙ የሚታወቅ ቦታ ብቻ።

ጊዮን ዳር · ሐሙስ ቀን 6፡30

ይቅርታ ጥያቄ ልጨምር። አባቴ ስኳር አለበትና ዓይኑ ላይ መርፌ ይወጉታል። ካርዱ ላይ የተጻፈው ያው ቤቫሲዙማብ ነው። አባቴ ካንሰር አለበት እንዴ? ደንግጠናል።

ነጭ ጋዎን · ሐሙስ ቀን 7፡15

አይዟችሁ፣ ካንሰር አይደለም። ስኳር የዓይን ግድግዳ ላይ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያበላሻል። የታፈነው የዓይን ክፍል ያው ቪኢጂኤፍ ያመነጭና የሚያፈሱ ደካማ የደም ሥሮች ይበቅላሉ። ደም ፈሶ ያሳውራል። መርፌው ያን ነው የሚያቆመው። መጠኑም 1.25 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ቀጠሮውን እንዳያስቀር፣ ስኳሩንና ግፊቱንም ይቆጣጠር።

ሲስተር ጥ · ሐሙስ ማታ 2፡20

የሽምብጥ ልጅ፣ እመብርሃን ትርዳችሁ። ነርስ ነኝ። ስለ ምግቡና ስለ ናሙናው ማንም ሳይመልስልሽ ቀረ፣ እኔን ደግሞ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ጉበቱንና ቀይ ሥሩን መልሱላቸው። ዛሬውኑ። ዕጢ የሚያድገው በሰውነት ያለው ደም ስለበዛ አይደለም። የሚፈልገው የደም ሥር ነው፤ የሚጠራውም በቪኢጂኤፍ ነው፣ ቀይ ሥር በመብላት አይመጣም። ደግሞ ዶክተር የነገረሽን አስታውሺ፤ ጥሪው የሚጀምረው ኦክስጅን ሲያጥር ነው። የማሕፀን በር ካንሰር ያለባት ሴት ብዙ ትደማለች። ደም ማነስ ይይዛታል። ደሟ በጣም ከወረደ ኬሞው ይዘለላል። ታዲያ ቀለብ ከልክላችሁ ማንን ነው የጎዳችሁት? ሥጋ፣ ጉበት፣ ምስር፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ የሚበሉትን ሁሉ ስጧቸው። ደም ማነሱ ከባድ ከሆነ ምግብ ብቻውን አይበቃም፤ ተመርምረው ደም ሊሰጣቸው ይችላል። ቀይ ሥር ይበላ፣ ቀለሙ ግን ደም አይሆንም። ጾሙን በሚመለከት የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ። የታመመ ሰው እንዲበላ ሲፈቅዱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጸበልም ከፈለጉ ይጠመቁ፣ ማንም አይከለክልም። ኬሞውን ግን ለጸበል ብለው እንዳያቋርጡ። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ሳይነግሩን አይውሰዱ፤ አንዳንዱ ጉበትና ኩላሊት ይነካል፣ አንዳንዱ መድማት ያብሳል።

አሁን ናሙናው። "ቢላ ካረፈበት ይብሳል" የሚለውን በየቀኑ እሰማለሁ። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ጋ ሰው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ዕጢው ከተሰራጨ በኋላ ይቆረጣል፣ ከዚያ ሰውየው ያርፋል። ዘመድ ያየው ቢላውን ነው። የማሕፀን በር ናሙና ግን ቅንጣት ሥጋ ናት። ያለ እሷ ምን ዓይነት ካንሰር እንደሆነ አይታወቅም፣ ሕክምናም አይጀመርም። አክስትሽን በደግ ቃል አስረጂያቸው፤ በዚህ ጉዳይ ራሳቸውን የሚወቅሱ ልጆች አይቻለሁና ቤቱ ውስጥ ጥፋተኛ አትፈልጉ።

መምህር ዘጌ · ሐሙስ ማታ 3፡10

ሲስተር፣ በሐሳብሽ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 በፎክማን ቤተ ሙከራ አይጥ ላይ ዋናው ዕጢ ሲወጣ ሳንባ ውስጥ ያደፈጡት ትንንሾቹ ሲነሱ ታይቷል። አንጂዮስታቲን የሚባል ነገር ተገኘ። እንግዲህ "ቢላ ይቀሰቅሰዋል" የሚለው ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል? ተማሪ ቢጠይቀኝ በትክክል መመለስ እፈልጋለሁ።

ነጭ ጋዎን · ሐሙስ ማታ 4፡25

መምህር፣ ያነበብከው እውነት ነው። በዚያ የአይጥ ዕጢ ላይ ዋናው ዕጢ የደም ሥር የሚያበቅል ብቻ ሳይሆን የሚከለክል ነገርም ያመነጭ ነበር፤ እሱ ነው አንጂዮስታቲን። ሲወጣ ክልከላው ተነሳ። ከዚህ የምንማረው ነገር ብዙ ነው። ጥቃቅን ዕጢዎች የደም ሥር ካልበቀለላቸው ሳይሞቱ አድፍጠው ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። በሌላ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አስከሬን ሲመረመር በሕይወት ሳሉ ያላወቋቸው እንዲህ ያሉ ቅንጣት ዕጢዎች ተገኝተዋል።

ለሰው ሲመጣ ግን ውሳኔው ግልጽ ነው። ዕጢውን መተው ከማውጣት የከፋ ነው። ያልተነካ ዕጢ እያደገ፣ በየቀኑ ሴል ወደ ደም እየላከ ይቀጥላል። በጊዜ የተያዘ የማሕፀን በር ካንሰር በቀዶ ሕክምና ይድናል። ለተማሪህ ሁለቱንም ንገረው፤ አይጡ ላይ የታየውንም፣ ሰዎች በጊዜ ተቆርጠው መዳናቸውንም።

ከቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ቁስል ለመሻር አዲስ የደም ሥር ስለሚፈልግ፣ ቤቫሲዙማብ የሚወስድ ሰው ታስቦበት በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ቢያንስ ከ28 ቀን በፊት ማቆም አለበት። ከዚያም በኋላ ቁስሉ ሽሮ እስኪያልቅ አይጀመርም።

ደብረ ማርያም · ዓርብ ጠዋት 2፡00

እኛ ጣና ላይ አሣ የምናጠምድ ነን። ውሃው ውስጥ ስለምንውል ቢልሃርዝያ ይይዘናል። ቢልሃርዝያ ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

ሲስተር ጥ · ዓርብ ጠዋት 3፡30

ወንድሜ፣ ጣና አካባቢ ያለው የአንጀትና የጉበት ቢልሃርዝያ ነው። የፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀው ሌላኛው፣ ሽንት ላይ ደም የሚያመጣው ዓይነት ነው። እሱ በአገራችን እንደ አዋሽ ሸለቆ ያሉ ቆላ ቦታዎች ላይ ነው ያለው። የእናንተውም ግን ችላ አይባልም። ከቆየ ጉበትን አጠጥሮ ይጎዳል፣ ሆድ ውሃ እንዲቋጥር ያደርጋል። ተመርመሩ፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ጤና ጣቢያ ይሰጣል።

የሽምብጥ ልጅ · ማክሰኞ ማታ 1፡50

ወገኖቼ፣ ቀጠሮዋ ዛሬ ነበር። ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ጽፌ ገባሁ። ሐኪሟ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ መለሰልኝ። ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሽንቷም ይመርመር ተባለ። ጨረሩ ደግሞ አንጀቷ አካባቢ ጉዳት ትቷል፣ ፊስቱላውን እሰጋለሁ አለ። ስለዚህ ኬሞውን ትጀምራለች። ቤቫሲዙማቡ ለጊዜው ቆይቷል፤ ግፊቷ ሲስተካከል ከሁለት ዙር በኋላ በሲቲ ስካን ታይቶ እንደገና እንነጋገራለን ተባብለናል። ከብቱ አልተሸጠም። ለአጎቴ ሲስተር የጻፈችውን አነበብኩለት። ጉበቱን ራሱ ገዝቶ መጣ።

እኔ 34 ዓመቴ ነው። እህቴ 27። እኛስ ምን እናድርግ?

ሲስተር ጥ · ማክሰኞ ማታ 2፡40

ጎበዝ! ወረቀት ይዞ መግባት ማለት ይህ ነው።

አንቺ ነገ ዛሬ ሳትዪ ተመርመሪ። በአገራችን የማሕፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ዋናው ዕድሜ ከ30 እስከ 49 ነው። ኤችአይቪ በደሟ ያለ ሴት ቀደም ብላ ትጀምራለች። እህትሽ ያልተለመደ ደም ወይም ፈሳሽ ካላት፣ ከግንኙነት በኋላ ከደማች፣ ዕድሜዋን ሳትጠብቅ ትምጣ። በሽታውን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። እናት ስለያዛት ብቻ ልጅ ይይዛታል ማለት አይደለም።

ምርመራው ቀላል ነው። የተበረዘ አሴቲክ አሲድ የማሕፀን በር ላይ ይቀባል፣ ትንሽ ይጠበቃል፣ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጣ ብሎ ይታያል። ካንሰር ያልሆነ ቁስለት ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ይታከማል፣ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። አጠራጣሪ ከሆነ ኮልፖስኮፒ በሚባል ማጉያ ይታያል። እዚያ ላይ ሐኪሙ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ያው ዶክተርና መምህር ሲያወሩት የሰነበቱት ነው፤ ነጥብ ነጥብ የሚሉ፣ ድንገት የሚታጠፉ፣ ውፍረታቸው የተዘበራረቀ የደም ሥሮች። በአረንጓዴ ብርሃን ሲታዩ ጥቁር ሆነው ይጎላሉ። እነሱ ከታዩ ናሙናው የሚወሰደው ከዚያው ቦታ ነው።

ዘመድ ቤት ለኤችፒቪ ክትባት ዕድሜዋ የደረሰ ልጅ ካለችም ክትባቱ እንዳያልፋት። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ በአገራችን ይሰጣል፣ በነፃ ነው። ለምርመራው ስትመጪ ወር አበባ ላይ አትሁኚ። ጠዋት ቀደም ብለሽ ነይ፣ ካርድ ክፍል ወረፋው ከረፋዱ በኋላ ይበዛል።